የልብ ሽብር

ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ወንዝ የሚያሰኝ ውኃ የለውም። ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የተኛ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ድልድዩ ላይ ቆሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለአሸዋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የደቻቱን ውኃ የሚልከው ግን ከድሬዳዋ ሰማይ ይልቅ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ተራራ ነው። በደንገጎ በኩል ባለው ከፍታ ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከተፍ ሊል ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ከተማው በተኛበት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ከቤት ንብረታቸው አፈናቀለ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ በክረምት ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከአልጋው ብድግ ብሎ በሩን የሚከፍት፣ ልጆቹን የሚቆጥር ሰው በድሬዳዋ ብርቅ አይደለም። ይህ ፍርሃት አባትና እናት አለው፤ ሌሊቱ ይታወቃል፣ ውኃው ይታወቃል፣ የሞቱትም ይታወቃሉ። ማንም «ምን ነካህ?» አይለውም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከዚህ ጋር ዝምድና ያለው፣ ሆኖም ወላጁ የማይታወቅ ሌላ ፍርሃት ነው፤ ዝናብ በሌለበት የሚመጣው ጎርፍ።

ሰውዬው ባንክ ቤት ተሰልፏል እንበል፤ ወይም ከለገሃር ወደ ሳቢያን በባጃጅ እየሄደ ነው፤ ወይም እራቱን በልቶ ጋደም ብሏል። ድንገት ልቡ ደረቱን መደለቅ ይጀምራል። ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል። የቆመበት መሬት የሚንሸራተት፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሕልም የሆነ ይመስለዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ እርግጠኛ ሐሳብ መጥቶ ይጫነዋል፦ አሁን መሞቴ ነው። አንዳንዱን ደግሞ፦ አሁን ማበዴ ነው። ነገሩ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ቀስ እያለ ይበርዳል። ሆስፒታል ሲደርስ ልቡን ይመረምሩታል፤ «ደኅና ነህ» ይሉታል። እሱ ግን ከሞት ደጃፍ ተመልሶ መምጣቱ ነውና «ደኅና ነህ» የሚለው ቃል ስድብ ይመስለዋል።

የሕክምና ሰዎች ይህን ፓኒክ አታክ ይሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ ደርሶበት በዚያው የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ክፉው ነገር የሚመጣው ሰውዬው ሁለተኛውን መጠበቅ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ባጃጁን ይተዋል፤ ያዘው እዚያ ውስጥ ነበርና። ቀጥሎ ሰልፍ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይሸሻል። ከዚያ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ለቅሶ ቤቱን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ሐረር መድረስ አልችልም ብሎ ከእኅቱ ሠርግ የሚቀር ሰው ይኖራል። ከተማው እንዳለ ነው፤ ለእሱ ግን በየወሩ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ መሐል የልብ ምርመራ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዱ ሐኪም ያላየውን ሌላው ያይልኛል ብሎ ነው። ገንዘቡም፣ የቤተሰቡ ትዕግሥትም ያልቃል። እኔን ስለዚህ ነገር እንዳነብብ ያነሣሣኝ ይኸው የፌስታል ነገር ነው፤ በገንዘብ መክፈያው መስኮት በኩል ቁጠባውን ለዚህ ጉዳይ የሚያወጣ ሰው አያለሁ።

በአማርኛ ለዚህ ነገር ስም አጥተን አናውቅም፤ እንዲያውም ስሙ በዝቶብናል። ድንገት የመጣ፣ መንሥኤው ያልታየ ሕመም ሲሆን «መጋኛ መታው» ይባላል። «ዓይነ ጥላ» አለ፣ «ልክፍት» አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ «ጂኒ» አለ፣ «ዛር» አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ነገር በብዙ ገጽ ጽፏል። መጋኛና ዛር ሁሉ ፓኒክ አታክ ነው አልልም፤ ዛር የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ቤተሰብ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን በእነዚህ ስሞች ጥላ ሥር የልቡ ድለቃ ያስደነገጠው ብዙ ሰው ተጠልሎ እንደኖረ መገመት አያስቸግርም። ስሙ ቢያንስ አንድ ጥቅም ነበረው፦ ሰውዬውን «አስመሳይ» ከመባል ያድነው ነበር።

ትክክለኛው ቃል ደግሞ በእጃችን ነበረ፤ «ሽብር»። «ተሸበረ» ስንል ዛሬም ልቡ የተናወጠ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው የጠፋበት ሰው ነው የሚታየን። ስሙን ግን ፖለቲካ ወሰደው። ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዘመን በኋላ ቃሉ ሬሳ ሬሳ ሸተተ፤ ከዚያም «ሽብርተኛ» መጣና ጨርሶ የመንግሥት ቃል ሆነ። አሁን አንድ ሰው ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «ሽብር ይይዘኛል» ቢል ምን ሊባል እንደሚችል አስቡት። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ለባለቤቱ ልመልስና «የልብ ሽብር» እለዋለሁ።

«ልብ» ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። በአማርኛ ልብ ደም የሚረጨው ሥጋ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ልብ በል እንላለን፤ ልቡን ሳተ እንላለን፤ ልበ ሙሉ፣ ልበ ቢስ፣ ልቤ ከዳኝ። ሐሳቡም፣ ድፍረቱም፣ አቅሉም እዚያ ነው ያለው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በሁለት ታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ቋንቋ ይዘው ነበር የሄዱት። ኀዘናቸውንና ጭንቀታቸውን በልብና በሆድ ሲናገሩ፣ ቃል በቃል የተተረጎመላቸው ሐኪሞች ልብና ሆድ ይመረምሩ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ያጠኑ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን አለመግባባት ጽፈውበታል። ለዚያ ለእስራኤሉ ሐኪም መፍረድ ግን አይገባም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሕክምና ራሱ በዚሁ ስሕተት ከመቶ ዓመት በላይ ተመላልሷልና።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማይቱም ባልኖረች። ስለዚህ ታሪኩን ከባቡር ብጀምር ደስ ይለኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ባቡር ከባቡር ሲጋጭ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። አጥንቱ ሳይሰበር፣ ደሙ ሳይፈስ ከአደጋው የወጣ መንገደኛ ከሳምንታት በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ባቡር ሲሰማ ይርዳል። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ኤሪክ ኤሪክሰን በ1866 (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ሲያብራራ፣ ግጭቱ የአከርካሪውን ውስጥ ስላናወጠው ነው አለ፤ ሕመሙም «የባቡር አከርካሪ» የሚል ስም ወጣለት። በ1883 ደግሞ ኸርበርት ፔጅ የሚባል ሌላ ቀዶ ሐኪም ተነሥቶ፣ አይደለም፣ ይህን ያደረገው ድንጋጤው ራሱ ነው ሲል ጻፈ። ፔጅ የአንድ የባቡር ኩባንያ ሐኪም ነበረ። አከርካሪ ከሆነ ኩባንያው ካሣ ይከፍላል፤ ድንጋጤ ከሆነ ግን ክርክር አለው። ወደ እውነቱ ይበልጥ የቀረበው ሰው የኩባንያው ደመወዝተኛ መሆኑ ያስገርመኛል። ድንጋጤ ማለት ሕመም የለም ማለት ተደርጎ የመተርጎሙ ነገርም ከዚያ ዘመን ጀምሮ እንደ ጥላ ተከትሎናል።

እኛም የራሳችን የባቡር መዓት አለን። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መስመር ላይ፣ አዋሽ አካባቢ፣ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ነው። ዓመቱ የረሃቡ ዓመት ነበርና አገሩ ለሌላ ኀዘን ቦታ አልነበረውም። የሞተ ይቆጠራል፤ ተርፎ ልቡ የሚደልቅበት ሰው በየትኛው መዝገብ ይገባል?

ከባቡሩ ወደ ጦርነቱ እንሻገር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በፊላደልፊያ የነበረው ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የሚባል ሐኪም፣ ልባቸው ያለ ልክ የሚመታ፣ ደረታቸውን የሚወጋቸው፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወታደሮች ይመጡለት ነበር። ከ300 በላይ የሚሆኑትን መርምሮ ያገኘውን በ1871 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ጆሮውን ደረታቸው ላይ አድርጎ ሲሰማ የልባቸው ቅርጽ ደኅና ነው፤ ሥራው ግን ታውኳል። «ቁጡ ልብ» ብሎ ሰየመው። ጽሑፉ ውብ ነው፤ ሕመምተኛውን በአክብሮት ያየ ሰው ጽሑፍ ነው። የጠየቀው ግን ልብን ብቻ ነበር። ረጅም የእግር ጉዞ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የከረጢቱ ማሰሪያ ደረታቸውን መጫኑ፣ ይህን ሁሉ መረመረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነገሩ በብዙ ሺህ ወታደሮች ላይ ተመልሶ መጣና «የወታደር ልብ» ተባለ። የብሪታንያው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ በ1918 መጽሐፍ ጻፈበት፤ አልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ቀስ በቀስ እያደገ የሚሄድ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲታዘዝላቸው አደረገ። በምክንያቱ ላይ ብዙ ቢባልም መድኃኒቱ ላይ የሉዊስ እጅ ቀንቶታል፤ ለምን እንደ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ዳ ኮስታ በጻፈበት በዚያው በ1871 በርሊን ውስጥ ካርል ቬስትፋል የሚባል የአእምሮ ሐኪም፣ ሰፊ አደባባይ ማቋረጥ ስለሚያቅታቸው ሰዎች ጻፈ። ጤነኞች ናቸው፤ ሥራ አላቸው፤ አደባባዩ ጫፍ ሲደርሱ ግን ልባቸው ይደልቃል፣ እግራቸው ይተሳሰራል። ጓደኛ አብሯቸው ሲሄድ ይቀልላቸዋል። ቬስትፋል ለዚህ ከግሪክኛው «አጎራ» ስም አወጣለት፤ አጎራ ገበያም አደባባይም ነው። በርሊን ሳይሆን ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ዛሬ ቀፊራን መፍራት ይባል ነበር ብዬ በልቤ እስቃለሁ። ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ደረት እያዳመጠ፣ ሌላው መንገድ እያየ፣ አንድን ዝሆን ከሁለት በኩል ይዳብሱ እንደ ነበር አላወቁም። በ1895 ደግሞ ፍሮይድ መጣና የልብ ድለቃውን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ላቡን፣ መንቀጥቀጡንና ማዞሩን በአንድ ላይ አሰባስቦ «የጭንቀት ሕመም» የሚል የራሱን ስም ሰጠው። የምልክቶቹ ዝርዝር ዛሬም ሐኪም እጅ ቢገባ አያሳፍርም። የሰጠው ምክንያት ግን፣ ያልተፈጸመ የሥጋ ፍላጎት የሚለው፣ ዘመን አልፎበታል።

ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በግልጽ ያሳየው በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ዋልተር ካነን ነው። በ1915 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳ ሲፈራ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም እንደሚረጭ አስረዳ። በጨለማ ጅብ ፊት ለፊት የገጠመውን ሰው አስቡ። መሮጥ ወይም መታገል አለበት፤ ስለዚህ ልቡ ደም ወደ ጭን ጡንቻው ይልካል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሆዱ ሥራውን ያቆማል፤ ቆዳው ያልበዋል፤ ዓይኑ ይፈጥጣል። ያለዚህ ዝግጅት ቅድመ አያቶቻችን እኛን ለመውለድ ባልደረሱም። በልብ ሽብር ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ጅቡ ብቻ ነው የሌለው። ሰውዬው የማይሮጥበትን ሩጫ ስለሚተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣት የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው፣ ዓለም ሕልም የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው። ያስፈራል፤ ግን አይገድልም።

ጅቡ ከሌለ ደወሉን ማን ደወለው? ለዚህ ጥያቄ በር የከፈተው በድንገት የተገኘ ነገር ነው። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ዶናልድ ክላይን የሚባል ወጣት የአእምሮ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለውን አዲስ መድኃኒት በብርቱ ጭንቀት ለሚሠቃዩ ሕመምተኞች ይሰጥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሲጠይቃቸው ምንም አልተሻለንም ይላሉ። ሐኪሞቹም ለውጥ አላዩም። ነርሶቹ ግን አይተዋል፤ እነዚህ ሰዎች በቀን ብዙ ጊዜ «ልሞት ነው» እያሉ ወደ ነርሶቹ ክፍል መሮጣቸውን ትተዋል። ሽብሩ ቆሟል፤ የቀረው ሽብሩን መጠበቁ ነው። ክላይን ከዚህ ተነሥቶ፣ ድንገት የሚመጣው ሽብርና ቀን ሙሉ የሚብሰለሰለው ስጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። ለመቀበል ጊዜ ወሰደ። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሦስተኛው የሕመሞች መዝገቡ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አሰፈረው። የዳ ኮስታ ወታደሮች ለመጠሪያቸው 109 ዓመት ጠብቀዋል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ፓኒክ የሚለው ቃል ከጥንት ግሪኮች አምላክ ከፓን የመጣ ነው፤ በዱር ውስጥ መንገደኛን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል ይባል ነበር። እኔን የሚስበኝ ግን ይኸው ቃል በእኛ ሙያም መኖሩ ነው፤ የባንክ ፓኒክ። ጥቅምት 1907 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ኒከርቦከር በሚባለው የገንዘብ ድርጅት በር ላይ ሰው ተሰለፈ፤ በሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በሩን ዘጋ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት አንድ የሙያ ምስጢር ማወቅ ይበቃል። የትኛውም ባንክ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ካዝና ውስጥ ቆልፎ አይጠብቅም፤ አብዛኛው ብድር ሆኖ ወጥቷል። ሁሉም በአንድ ቀን ከመጣ ጤነኛውም ባንክ ይወድቃል። ወሬ ሰልፍ ይፈጥራል፤ ያልፈራው ሰው ሰልፉን ሲያይ ይፈራል፤ ሰልፉ የወሬው ማስረጃ ይሆናል፤ ማስረጃው ሰልፉን ያረዝማል። በመጨረሻ ባንኩን የሚገድለው ይሞታል መባሉ ነው።

በ1986 (እ.ኤ.አ.) ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ስለ ልብ ሽብር የጻፈው ሐሳብ ከዚህ አይርቅም። አንድ ትንሽ ነገር በሰውነት ውስጥ ይሆናል፤ ልብ አንድ ምት ትዘልላለች፤ ከመቀመጫ ሲነሡ ያዞራል፤ ሙቀት ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ ለማንም ይደርሳል። አንዱ ሰው ግን «የልብ ድካም ይሆን?» ይላል። ሐሳቡ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ አድሬናሊኑ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል፤ ምቱ የሐሳቡ ማስረጃ ይሆናል። ሰልፉ ረዘመ። በባንኩና በልቡ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ባንኩ በእርግጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ልቡ ግን በዚህ መንገድ አይወድቅም። ሰውዬው ይህን የማያውቀው ከመጨረሻው ደቂቃ በፊት ሁልጊዜ ስለሚሸሽ ነው። ከባጃጁ ወርዶ ሲተርፍ፣ ያተረፈኝ መውረዴ ነው ብሎ ያምናል። ሉዊስ ወታደሮቹን ቀስ በቀስ እንዲሮጡ ሲያዝዝ ሳያውቅ የነካው ይህን ነበር፤ ልባቸው ደልቆ ደልቆ ምንም እንደማይሆን በገዛ ደረታቸው አዩት።

የሐሳብ ነገር ብቻ ነው ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። ከእንቅልፉ በሽብር የሚነሣ ሰው አለ፤ የተኛ ሰው ምን ሐሳብ አለው? ክላይን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ግምት አቀረበ፤ አንጎላችን ውስጥ መታፈንን የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፣ በአንዳንድ ሰው ዘንድ ይህ ዘበኛ አየር ሳይጎድል ይጮኻል የሚል ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2013 በአሜሪካ የተደረገ ምርመራ ነገሩን አስደናቂ አደረገው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የፍርሃት ማዕከል ነው ሲባል ኖሯል። እጅግ በማይዘወተር ሕመም ይህ ክፍል የጠፋባቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ እባብ አትፈራም፣ ሸረሪት አትፈራም፣ ቢላዋ የያዘ ሰው አላስፈራትም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር አንድ ጊዜ እንዲስቡ ሲደረግ ግን ሦስቱም ተሸበሩ፤ አየር ለማግኘት ተጣጣሩ። ጅቡን ከውጭ የሚያየው ዘበኛ ሌላ፣ ትንፋሽን ከውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ነው ማለት ነው። በደንገጎ የዘነበው በድሬዳዋ ሰማይ አይታይም።

ስለ ድሬዳዋ ከተነሣ ጫትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1975 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በበርጫው ላይ ለተቀመጠው ለአብዛኛው ሰው ይህ ምርቃና ነው። ልቡን ነጋ ጠባ የሚያዳምጥ ሰው ግን ያንኑ ምት ሲሰማ ሌላ ነገር ያነብበታል። ጠንከር ያለ ቡናም እንዲሁ ነው። ጫት ለለመደው ሰው ሲቀርበት የሚመጣው ዱካክ ደግሞ እንቅልፉን ያሸብራል። ጫትን ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ ከሳሽ ሞልቷል። የልብ ሽብር የያዘው ሰው ግን መርማሪው ባይጠይቀው እንኳ መቃሙን ራሱ ሊናገር ይገባዋል።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ዘግይቶ ተስፋፋ። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታል ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ስሙም የሚነሣው ለስድብ ነበር። በ1987 (እ.ኤ.አ.) እዚያ የአእምሮ ነርሶች መሠልጠን ጀመሩና በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተሠማሩ። በአገር ውስጥ ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ልቡ የሚደልቅ ሰው ታዲያ «አማኑኤል ይሂድ» የሚባለውን ፈርቶ የልብ ሐኪም ቢመርጥ ምን ይደንቃል? ልብ የታመመ ይጠየቃል፤ ብርቱካን ይዞለት የሚሄድ አለ።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መድኃኒት ነው። የክላይን ኢሚፕራሚን ቦታውን ለአዳዲሶቹ ለቅቋል፤ እነርሱም ሥራቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው ዲያዚፓም ወዲያው ያረጋጋል፤ ነገር ግን ሱስ ያሲዛል፣ ሐኪም ሳያዝዝ መዋጥም አደጋ አለው። ሁለተኛው መንገድ ክላርክና ባልደረቦቹ ያበጁት ነው፤ ሰውየው የሚሸሸውን ስሜት ሆን ብሎ እንዲጠራው ይደረጋል። ወንበር ላይ ይሽከረከራል፤ ደረጃ ሮጦ ይወጣል፤ በቀጭን ስትሮ ይተነፍሳል። ልቡ ይደልቃል፣ ያዞረዋል፤ አይሞትም። ከዚያ ወደ ባጃጁ። መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እስከ ድልድዩ፣ ቀጥሎ ብቻውን እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ እስከ ሳቢያን። ደንቡ አንድ ነው፤ ልቡ መደለቅ ሲጀምር አይወርድም። ተቀምጦ እስኪበርድ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መራራ ናቸው፤ በእርግጥም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቋርጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱን የያዘውን ሰው ሁሉ «ሽብር ነው» ብሎ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ሕመሙ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ሲሠሩ የሚብስ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ። የሌላ ሕመም ጥርጥርም አለ፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ እንዲሁ ያስደልቃል። አንድ ጊዜ በደንብ መመርመር ግድ ነው። አሥር ጊዜ መመርመር ግን ሰልፉን ያረዝማል።

ተመርምሮ የታወቀለት ሰው ደግሞ በሰልፍ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት ሲይዘው አጠገቡ ያለው ሰው ብዙ ማድረግ ይችላል። ከቦ መጮኽ አያስፈልግም፤ ውኃ በራሱ ላይ ማፍሰስም አይጠቅምም። ጎኑ ተቀምጦ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ አየሩን በዝግታ እንዲያስወጣ፣ ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን እንዲያስረዝም መንገር ነው። ቀስ እያለ እንደሚበርድም መንገር፤ እውነት ነውና። ሲበርድለት ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። ሰልፉ ላይ ተራውን ጠብቆ ጉዳዩን ጨርሶ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የሚቆምለት ሰው ከተገኘ።